የረመዳን ምሳ

ነኢማ እልኸኛ ናት። ገና ከመነሻው ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም። እልኸኛ ባትሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ገና ሳይጀመር በቀብር ያልቅ ነበር።

እንጅባራ ውስጥ ከእኔ ፀጉር ቤት ፊት ለፊት የቅመም ሱቅ አላት። እኔ ይሄነው ነኝ፤ ፀጉር አስተካካይ። የፀጉር አስተካካይ እጁ እንጂ ዓይኑና ጆሮው ሥራ የላቸውም፤ የእኔዎቹ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ተሻግረው ነኢማ ሱቅ ይውላሉ። ዋጋ ሊያስቀንሳት የገባ ገበሬ በአማርኛ ጀምሮ፣ በአዊኛ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ እሷ ባለችው ገዝቶ፣ ምርቃት አንድ ጭብጥ ዝንጅብል ስለተጨመረለት ብቻ ያሸነፈ መስሎት ሲወጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ባሏ ሱሀይል የሞተ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ዳንግላ ወዳሉት ወላጆቿ ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ። ልጅ አልወለዱም፤ ሱቁም፣ ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤትም የአማቷ የእማማ ዘይነባ ነው። የአማትና የምራት ነገር ደግሞ ይታወቃል። እማማ ዘይነባ "ይህች ልጅ ወጥ አታውቅም" እያሉ ምራታቸውን ለገበያተኛው ሁሉ ሲያሟት የኖሩ ሴት ናቸው። ነኢማ ግን አልሄደችም። "ማን ላይ ጥያቸው ልሂድ?" አለችና ቀረች። ሌላ ማብራሪያ ከአፏ አልወጣም።

እማማ ዘይነባን የመርሳት ሕመም የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያው እርጅና ነው ተባለ። አንድ ቀን ግን ደንበኛ ውስጥ እያለ ሱቁን ከውጭ ቆልፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰውዬው በሩን ሲደበድብ ሰምቼ ነኢማን ጠርቼ አስከፈትኩለት፤ ከበርበሬው ጆንያ አጠገብ ሆኖ እያስነጠሰ ወጣ። እየቆየ የሱሀይል መሞት ራሱ ጠፋባቸውና "ልጄ የት ሄደ?" ማለት ጀመሩ። ነኢማም በየቀኑ ከማርዳት "ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል" ማለት ይሻላል ብላ ወሰነች። ሌላው ልጃቸው ሀቢብ ባሕር ዳር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቱን በስልክ በጣም ይወዳል።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ኮሮና አገር ውስጥ ገባ ተባለ። መጋቢት ሳያልቅ እንጅባራ ተዘጋች። ሚኒባሱ ቆመ፣ ባጃጁ ቆመ፣ የእኔም መቀስ ቆመ። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና እየዞረ "አትጨባበጡ! አትሰብሰቡ! ከአንድ ገበታ አትብሉ!" ይላል። መጨባበጡን እሺ፣ ለጊዜው በእግዜር ሰላምታ ይለፍ። ከአንድ ገበታ አትብሉ ማለትን ግን ለኛ አገር ሰው መንገር ቀላል አይደለም። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እየተባለ ያደገ ሕዝብ ነው።

የሰፈራችን የጤና ባለሙያ ማናለብሽ ቤት ለቤት ስትዞር ነኢማ በር ላይ ቆማ ነገረቻት።

"ይህ በሽታ ሽማግሌና አሮጊት ላይ ይጨክናል። አንቺ ደግሞ ሱቅ ውለሽ ነው የምትገቢው። የእማማን ሳህንና ብርጭቆ ለዪ፤ አብራችሁ አትብሉ።"

ያለችው ትክክል ነበር፤ ነኢማም ሰማቻት። ለእማማ ዘይነባ የብቻ ሳህን፣ የብቻ ብርጭቆ አዘጋጀች። አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና ምሳቸውን ፊታቸው ታኖርና ራቅ ብላ በሩ ጋ ትቀመጣለች።

እማማ ሳህኑን አዩት።

"ይብሉ እንጂ እማ።"

"እናንተስ?"

"እኔ በኋላ እበላለሁ።"

ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። በማግስቱም ገፉት። ከዚያ ወዲያ ሻይ ብቻ ሆነ። ልታጎርሳቸው ስትሞክር ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። ያ ገበያውን ሁሉ በድምፁ የሚገዛ ሰውነት በጥቂት ቀን ውስጥ ልብስ ብቻ መሰለ። ሀቢብ እየደወለ "ግሉኮስ አስተክዪላቸው" ይላል። ማናለብሽ አምጥታ ተከለችላቸው። ስትነቅለው ግን ነኢማን ወደ ደጅ ጠርታ "ይህ ምግብ አይሆንም" አለቻት። "ካልበሉ ኮሮናን አትፍሪ፤ ረሃቡ ይቀድመዋል።"

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ነኢማ ስትገባ እማማ ዘይነባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያገላበጡ ያያሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውንም ያያሉ።

"ምን ሆኑ እማ?"

"ደብቀሽ ምን ታደርጊያለሽ? ንገሪኝ" አሉ። "ገላዬ ላይ ምን ወጣብኝ? ምን አይታችሁ ነው?"

ነኢማ እዚያው በቆመችበት ገባት። እማማ ዘይነባ ልጅ ሳሉ፣ አዘና በምትባለው አገራቸው፣ አክስታቸውን የሥጋ ደዌ ይዟት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ጎጆ ቀልሰው ለብቻዋ አስቀመጧት፤ እህሏን በራሷ ሳህን አድርገው ደጃፏ ላይ ትተውላት ይመለሳሉ፤ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው። እማማ አእምሯቸው ደህና ሳለ ይህን ለነኢማ ነግረዋታል፣ አልቅሰውም ነግረዋታል። የትናንቱን ሁሉ የረሱት ሴት ያቺን ሳህን አልረሷትም። አሁን ተራው የሳቸው እንደሆነ ቆጥረውታል።

ነኢማ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ እልኋ መጣ። ሱቋን ቆለፈች። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ረመዳን ሊደርስ ሲል፣ የቅመም ገበያ በሚደራበት ወቅት የሱቋን በር ጠርቅማ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው። ለማናለብሽም ደውላ "ለብቻቸው አይበሉም፤ አብሬያቸው ልበላ ነው" አለቻት። ማናለብሽ ቆጣ ብላ ጀመረች፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ስትሰማ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። "እንግዲያው አንቺም ከሰው ተለዪ። ሱቅ የለም፣ ገበያ የለም፣ ሰው ወደ ቤት አይገባም። እንዲያ ከሆነ አብራችሁ ብሉ።"

የዚያን ቀን ነኢማ ማስኳን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ትልቁን ትሪ መሐል አድርጋ ተቀመጠች። ቀድማ ቆርሳ ጎረሰች። እማማ ዘይነባ አዩዋት። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ይሄነው! እማ በሉ!" ብላ ስትጮህ ከመንገዱ ማዶ ሰማኋት። ከደስታዬ ብዛት ባዶ ፀጉር ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ፈት ነኝና የገበያ ሥራ የኔ ሆነ። ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ እንቁላሉን አምጥቼ በራቸው ላይ አስቀምጥና አንኳኩቼ እሸሻለሁ። እማማም ቀስ በቀስ መለስ አሉ። የኛም ፋሲካ በየቤታችን ተዘግተን አለፈ፤ በሳምንቱ ረመዳን ገባ።

ነኢማ ስለ እማማ ጾም አልተጨነቀችም። ታማሚ ናቸው፤ ሃይማኖቱም አያስገድዳቸውም። የተጨነቀችው ስለ ራሷ እጅ ነው፤ ጤነኛ ሰው ናት፣ ትጾማለች። ትሪውን አቀረበች፣ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እጇን ግን አልዘረጋችም።

"አንቺስ?" አሉ እማማ።

"እኔ ጾመኛ ነኝ እማ። ረመዳን ነው።"

"ረመዳን ነው? እንግዲያው እኔም ጾመኛ ነኝ!" ብለው ትሪውን አነሱባት።

"እርስዎ ታመዋል፣ ተፈቅዶልዎታል።"

"እኔ? እኔ ምን አለብኝ?" እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

በማግስቱ ረመዳን መሆኑን ሳትናገር "ጠግቤ ነው" አለቻቸው። አላመኗትም። በማፍጠሪያ ሰዓት አብራቸው እንዳትበላ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ መንፈሳቸው ይታወካል፤ "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" እያሉ በር በር ያያሉ እንጂ እህል አይታያቸውም። የሚበሉት በቀን፣ ጭንቅላታቸው ትንሽ ጠራ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ያቺ ሰዓት ደግሞ ለነኢማ ተዘጋች። የመስጊዱ ኢማም ለሆኑት ለሸህ ሙሄ ደወለች።

"አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ጹሚ" አሏት። "ግን አብሯቸው የሚበላ ሰው ፈልጊ። ጨርሶ ካጣሽ መልሰሽ ደውዪልኝ፤ ነፍስ ነውና ያኔ ሌላ እንነጋገራለን።"

አብሯቸው የሚበላ ሰው። በቀን የሚበላ፣ ከሰው ተለይቶ የቆየ፣ ደጁ ቅርብ የሆነ። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም የምሥራች ናት።

የምሥራች ጠላ ሻጭ ናት። ቤቷ ከእማማ ዘይነባ ቤት በአጥር ብቻ ይለያል። መጠጥ ቤት ሁሉ ሲዘጋ የሷም ተዘጋ፤ አስም ስላለባት ደግሞ ኮሮናን ከሁላችንም በላይ ትፈራዋለች፣ ከተማው ከተዘጋ ጀምሮ ከግቢዋ አልወጣችም፣ ማንንም አላስገባችም። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ገጠመ። ችግሩ፣ ሁለቱ ሴቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላምታ አይለዋወጡም። ምክንያቱን የማያውቅ የለም፤ የምሥራች ቤት ጠጪዎች ሲወጡ በእማማ ዘይነባ አጥር ላይ ይሸኑ ነበር። እማማ በየጠዋቱ አጥራቸው አጠገብ ቆመው የምሥራችን ከነዘር ማንዘሯ ይሰድቧት ነበር። እኔ በስድባቸው ነበር ፀጉር ቤቴን የምከፍተው፤ ሰዓት አያስፈልገኝም ነበር።

ነኢማ አጥሩ ጋ ቆማ ስትጣራ እኔ ድንች ይዤ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። መስማት አልፈለግሁም ብል ማን ያምነኛል?

"እትዬ የምሥራች!"

"ማነው?"

"ነኢማ ነኝ።"

"ምነው? አጥራችሁ ደረቀባችሁ እንዴ?"

ነኢማ ዋጠችው። "ምሳ እንዲበሉልኝ ፈልጌ ነው።"

"ምን?"

"ምሳ። እኛ ቤት። ከእማ ጋር፣ በየቀኑ፣ እስከ ዒድ።"

"በረመዳን ምሳ? አንቺ ልጅ፣ ጾሙ ገና ሲጀምር አዞረሽ?"

ነኢማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳህኑን፣ ጣቶቹን፣ አዘና የነበረችውን አክስት።

"እኔን ሲያዩ የሚሉትን ታውቂያለሽ" አለች የምሥራች።

"ረስተውታል እትዬ።"

"እኔ ግን አልረሳሁትም!"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስ ሲመለጥስ እኔ ቀድሜ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው፤ አፌ ግን አመለጠኝ። "የምሥራች፣ አንቺም እኮ ከተዘጋ ጀምሮ ብቻሽን ነው የምትበዪው" አልኩ ከበሩ ላይ። የቤቷ በር ሲዘጋ ሰማን። ነኢማ በዓይኗ ልትቆላኝ ነበር፤ እኔም ድንቹን ትቼ ሄድኩ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የምሥራች በአጥሩ ክፍተት ገባች። የታጠበ ነጠላ ለብሳለች፣ በእጇ ድስት ይዛለች።

"ድስቱ የራሴ ነው። ድንች በቅቤ ነው፤ ቅቤ የማንም ቅቤ ነው። ሥጋ ግን አልበላም። ከሰደቡኝ ደግሞ ወዲያው እወጣለሁ።"

"አይሰድቡዎትም" አለች ነኢማ፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም።

እማማ ዘይነባ ቀና ብለው የገባችውን ሴት ከላይ እስከ ታች አዩዋት። የምሥራች ድስቷን አጥብቃ ያዘች።

"ከየት ነው የመጣሽው?" አሉ እማማ።

"ከቅርብ ነኝ።"

"ጾምሽን ነው እንዴ የመጣሽው? ፊትሽ ጠውልጓል። ነይ ቅረቢ።" ወደ ነኢማ ዞረው ተቆጡ። "እንግዳ ቆማ ታያለሽ? እጅ ማስታጠቢያ አምጪ እንጂ!"

ነኢማ እየሮጠች አመጣች። ከዚህ በኋላ የሆነውን ማናችንም አላሰብነውም። ነኢማ የፈለገችው የምሥራች እንድትበላና እማማ እሷን አይተው እንዲበሉ ነበር። እማማ ዘይነባ ግን አጉራሽ ሆኑ። ጠቅልለው ወደ የምሥራች አፍ ሰደዱ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብለው ደገሙ፤ ከዚያም ሦስተኛ። የምሥራችም ማጉረስ ነበረባት፣ እማማም መጉረስ ነበረባቸው፣ የትሪው ጠርዝ ታየ። ቤታቸው እንግዳ አለ፤ እንግዳ ባለበት ቤት ባለቤቷ ታማሚ ልትሆን አትችልም።

የምሥራች በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ "ሃያ ዓመት የሰደበኝ አፍ 'ብዪ ልጄ' ሲለኝ ምን ልሁን? እንባዬን ከቅቤው ጋር ዋጥኩት።"

በየቀኑ መጣች። በየቀኑ እማማ "ከየት መጣሽ?" ይሏታል፤ በየቀኑም ከቅርብ ነኝ ትላለች። አንዳንድ ቀን የአዘና ዘመድ ያደርጓታል፣ አንዳንድ ቀን ሙሽራ አድርገው ይመርቋታል። የምሥራች ድንቹን ወደ ሽሮ፣ ሽሮውን ወደ እንቁላል እየለዋወጠች ትሠራለች፤ በፋሲካ ያልወፈረችውን በረመዳን ወፈረች። ነኢማ አጠገባቸው ተቀምጣ ጾሟን ሳትፈታ ሲበሉ ማየት ብቻ ያጠግባት ነበር። ማናለብሽ ሚዛን ይዛ መጥታ እማማን ስትመዝን ነኢማ በደጁ እልል አለች፤ ሰፈሩ ሠርግ በተከለከለበት ወር እልልታ ሰምቶ ተደናገጠ።

ሐሜት አልቀረም። "ጠላ ሻጯ ልትሰልም ነው" ያሉ የኛ ሰዎች ነበሩ፤ "በረመዳን ጠላ ሻጭ ቤት ታስገባለች" ያሉም ነበሩ። እንዲህ ያለ አፍ በጉንፋን እንኳ አይዘጋም፣ ማስክም ለሱ አልተሠራም። የምሥራች ለንስሐ አባቷ ደውላ ጠየቀች። "ሥጋ አለበት?" አሏት። የለበትም አለች። "እንግዲያው ብዪ፤ አሮጊቷንም አብዪ" ብለው ስልኩን ዘጉ። ሸህ ሙሄም ስለ ነገሩ የጠየቋቸውን ሰዎች "እናንተ ሄዳችሁ ትበሉላታላችሁ?" ብለው መለሷቸው።

የዒድ ቀን ግንቦት አጋማሽ ላይ ሆነ። መንገድ ተከፍቶ ስለነበር ሀቢብ ከባሕር ዳር በግ ይዞ መጣ። ማናለብሽ ስላዘዘች ወደ ውስጥ አልገባም፤ እሱና እኔ በረንዳው ላይ ማስክ አድርገን፣ በየጥጋችን ተራርቀን ተቀመጥን። እናቱን በተከፈተው በር ሲያይ ማመን አቃተው። ከሲታ ሬሳ የሚቀብር መስሎት ነበር የመጣው፤ ያገኘው ደግሞ ጉንጫቸው የሞላ፣ "ያ በረንዳ ላይ ያለው ሰውዬ ማነው?" እያሉ የሚጠይቁ ሴት ነው። ጾሙ አልቋል፤ ነኢማ ከእንግዲህ ራሷ አብራቸው ትበላለች። የምሥራች ልትሰናበት፣ እንኳን አደረሳችሁ ልትል ብቻ ብቅ አለች። እማማ ግን እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

በዚህ መሐል ትሪው ገባ። የሀቢብ በግ ነው፤ ጥብሱ ሽታው በረንዳውን ሞላው። ነኢማ ትሪውን ካስቀመጠች በኋላ ነው የምሥራች መኖር ትዝ ያላት። ልታነሳው ስትጎነበስ እማማ ቀደሟት። ትልቅ ቁራጭ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ የምሥራች አፍ ሰደዱ።

ሁላችንም ደረቅን። የምሥራች የሙስሊም ሥጋ አትበላም፤ ያንን እጅ ገፋ ብታደርገው ደግሞ እማማ እንደገና ጣቶቻቸውን መቁጠር ሊጀምሩ ነው። ያ ሁሉ ወር በአንዲት ጉርሻ ሊጠፋ ሆነ። "አፌን ልክፈት ወይስ ልዝጋ ብዬ ፈጣሪዬን ጠየቅሁት" ብላኛለች የምሥራች። ነኢማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

የእማማ እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ጉርሻውን አዩት። የምሥራችን አዩዋት፤ ረጋ ብለው፣ እንደ ድሮው። ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሱት።

"ነኢማ!" አሉ።

ምራታቸውን በስሟ ከጠሯት ከዓመት በላይ ሆኗል።

"ነኢማ፣ ምን ነክቶሻል? የምሥራች ክርስቲያን መሆኗን አታውቂም? ጎረቤትሽ አጠገቤ ተቀምጣ የማትበላውን ታቀርቢያለሽ? አንሺው! እንቁላል ሥሪ!"

ድምፃቸው ያ የገበያ ድምፅ ነበር፤ መንገዱን ተሻግሮ ፀጉር ቤቴ የሚደርሰው። የምሥራች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ነኢማ ትሪውን ተሸክማ፣ እንባዋ በጉንጮቿ ላይ እየወረደ፣ እየሳቀች ወጣች።

"ኧረ እማ፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ!" አለ ሀቢብ ከበረንዳው፤ ከባሕር ዳር ድረስ ያንን በግ እያሰበ ነው የመጣው።

"አንተ ማነህ? ማንም ሁን፣ እንግዳዬ የምትበላውን ትበላለህ!"

እንቁላሉ ደረሰ። ድንች በቅቤም ነበረ። ሦስቱ ሴቶች ከአንድ ትሪ ሲበሉ ለኔና ለሀቢብ በየሳህናችን በረንዳው ላይ ቀረበልን። እማማ ዘይነባ አንዱን ለነኢማ፣ አንዱን ለየምሥራች እያጎረሱ ራሳቸውም በደንብ በሉ፤ ትሪው ሲጎድል ደግሞ ነኢማን በስሟ ጠርተው እንጀራ አስጨመሩ።